ለፍተን ያላገኘነው ጥቅም፦ በፆታ ማንነትና በፍቅር ዝንባሌ ረገድ «ፕሪቪሌጅ» ምንድን ነው?

«ፕሪቪሌጅ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ወረፋ ሳይጠብቅ የሚስተናገድ ባለሀብት ወይም የባለሥልጣን ልጅ ነው። እዚህ የምናነሳውን ጥቅም ግን ቤሳ ቤስቲን የሌለው ሰውም ሊኖረው ይችላል። ለፍቶ ያላመጣው፣ እንዳለውም ልብ የማይለው ነገር ነው። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊቷ ምሁር ፔጊ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1988 ነጭ በመሆኗ ብቻ በየዕለቱ የምታገኛቸውን 46 ነገሮች ዘርዝራ ስትጽፍ ነው። በዚያው ጽሑፍ ተቃራኒ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች ስላላቸው ጥቅምም አንስታለች።

ወደ መሀል አዲስ አበባ እንምጣ። አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት። አብዛኞቻችን ቦርሳችንን ከፍተን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ ስለ ሌላ ጉዳይ እያሰብን እናልፋለን። መልኩና አለባበሱ መታወቂያው ላይ ከሰፈረው ፆታ ጋር የማይገጥም ሰው ግን ገና ሰልፉን ሲያይ ይጨንቀዋል። ፈታሿ «አንተ ወደዚያ» ትለዋለች፤ ወንዱ ፈታሽ መታወቂያውን እያገላበጠ ፊቱን ደጋግሞ ያያል፤ ከኋላ ያለው ሰው መሳቅ ይጀምራል። ሰውየው የመጣው እንደማንኛችንም ወረቀት ሊያስፈርም ነው።

በፍቅር ዝንባሌ በኩል፣ ማለትም የትኛውን ፆታ እንደምናፈቅር በሚለው፣ ከተማችን ትንሽ ለየት ትላለች። ፒያሳ ላይ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ብዙ ጊዜ ጓደኝነት ነው ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ «ታዲያ ማን ከለከላቸው?» የሚል አይጠፋም። የሚታለፉት ግን ጓደኛ እስከመሰሉ ድረስ ነው። ሰኞ ጠዋት ማኪያቶ ላይ አንዱ «ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር እንጦጦ ወጥተን» ብሎ ይጀምራል፤ ፍቅረኛው ወንድ የሆነው ሌላው በፍቅረኛው ፈንታ «ከእህቴ ጋር» ብሎ ይቀይራል። እናቱ «ወግ ማዕረግህን ሳላይ ልሙት?» ስትለው ደግሞ የሚመልስላት የለውም።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው የሐዘን ቀን ነው። ሚስት ባሏ ቢሞት ድንኳኑ ውስጥ ቦታዋ የታወቀ ነው፤ ዕድርተኛው «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል፣ ወዳጅ ዘመድ አብሯት ያመሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የትዳር ጓደኛው ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ዓመታት አብሮት የኖረውን ፍቅረኛውን የቀበረ ወንድ ግን ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ለለቀስተኛው ውኃ ያቀብላል። ከሚገባው በላይ ቢያለቅስ እንኳ ሰው ይጠረጥረዋል። በማግስቱም ሥራ ይገባል።

ሕጉም እንዲሁ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ወንድና ሴትን ያውቃል፤ ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከቆዩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው ይሆናል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በአንጻሩ ከተመሳሳይ ፆታ ጋር የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል።

«እኔ የቤት ኪራይ ከፍዬ ሳልጨርስ ምን ጥቅም አለኝ?» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ችግሩ ችግር ነው። ኪራይ የቸገረው ሰው ግን ችግሩን ለጎረቤት አውጥቶ ማማከር ይችላል። ፍቅሩን የደበቀ ሰው ተመሳሳይ ኪራይ ይከፍላል፣ በዚያ ላይ ማን ምን ሰማ እያለ ይሰጋል። «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» የሚልም ይኖራል። ይህን ልዩነት ለማየት ግን እምነትን መቀየር አያስፈልግም፤ የራስን አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መለስ ብሎ ማሰብና የትኛውን ነገር ያለ ፍርሃት እንደተናገሩ ማስተዋል ይበቃል።

ካስተዋልን በኋላ ማድረግ የምንችለው ትንንሽ ነገር ነው፦ በፍተሻው ሰልፍ ላይ አለመሳቅ፣ ላጤውን የሥራ ባልደረባ ስለ ጋብቻ አለመወትወት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው ስለ ራሱ አምኖ ቢነግረን ወሬውን እኛው ዘንድ ማስቀረት ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታውቆ ነዋሪው ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቋልና፣ ለቡና የተነሳ ወሬ ሰውን ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርስ ይችላል።