ያገለገለ ጀልባ ስንመርጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች (ሐዋሳ ላይ ለምትገዙ)

ሐዋሳ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ጀልባ የሚያማርጥ ሰው ፊት ሁለት ዓይነት ጀልባ ቀረበ እንበል። አንዱ 9 ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ጣሪያ ያለው፣ ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ነው። ሌላው 6 ሜትር፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ያልሞላው። ዋጋቸው ከተቀራረበ ደላላውም ዘመድ ወዳጁም ምክር ያዥጎደጉዳል። የምክሩ ግማሽ ግን ከመኪና ገበያ የመጣ ነው፤ ውሃ ላይ አይሠራም።

«አሮጌ ፋይበር አልቆለታል»

ፋይበር እንደ እንጨት አይበሰብስም፣ እንደ ላሜራም አይዝግም። እንዲያውም ፋይበር ለጀልባ በስፋት መዋል በጀመረበት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠሪዎቹ ዕቃውን ገና ስላላመኑት ወፍራም አድርገው ነበር የሚደርቡት። ስለዚህ የተመረተበትን ዓመት ብቻ አይቶ መፍረድ አያዋጣም።

የሚበሰብሰው ፋይበሩ ውስጥ የተደበቀው እንጨት ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፤ የወለሉም ሥር እንደዚሁ። ትንሽ መዶሻ ያዙና እጀታውን አዙራችሁ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መታ መታ አድርጉ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ፣ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ጋ ስትደርሱ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ የሞተሩን ብሎኖች ዙሪያ እዩ። ቡናማ ውሃ የወረደበት ምልክት ካለ ወይም እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ስቱኮና ቀለም ከተቀባ፣ የሻጩን ወሬ ትታችሁ ግድግዳውን ማስለወጫ ስንት እንደሚፈጅ ጠይቁ። እኔ በበኩሌ 10 ዓመት ያልሞላው ሆኖ ግድግዳው ከራሰ ጀልባ፣ አሮጌ ሆኖ ደረቅ የሆነውን እመርጣለሁ።

ከሆዱ ሥር ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ሲታዩ ደግሞ ገዢ ሁሉ ይደነግጣል። ሲወጉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ፈሳሽ ያወጣሉ። አብዛኞቹ የላይኛው ሽፋን ላይ የቀሩ ናቸው፤ ደርቀው ይጠገናሉ። ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ናቸው እንጂ ጥሎ ለመሄድ አይደሉም።

«ሐይቃችን ጨው የለውም፣ ጀልባ አይጎዳም»

ብረቱን በተመለከተ በከፊል እውነት ነው። እንጨቱን በተመለከተ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ጨው እንጨት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ያዳክማል፣ ጨው የሌለው ውሃ ግን ይመቸዋል። ከሐይቁ ይልቅ የክረምቱ ዝናብ ነው የሚፈራው። ውሃ አጠራቅሞ ከርሞ በነሐሴ ወለሉ እግር ሥር የሚለሰልስ ጀልባ ሐይቁን አይወቅስ።

«የ3 ሜትር ልዩነት ምን ይሆናል?»

ቅርጹ አንድ ዓይነት ሆኖ ርዝመቱ ከ6 ወደ 9 ሲያድግ፣ ወርዱም ጥልቀቱም አብሮ ስለሚያድግ ክብደቱ ከ3 እጥፍ ይበልጣል። ወደ ዳር መጎተቻው፣ የሆዱ ቀለም፣ የሚጠይቀው ሞተር፣ ሁሉም ይህንኑ ይከተላል። በአንጻሩ ብዙ ሰው ለመጫን የሚያስችለውም ይኸው ትልቅነቱ ነው።

«ትልቁ ቀርፋፋ ነው»

ውሃን እየሰነጠቀ የሚሄድ ጀልባ ፍጥነቱን የሚወስንለት ውሃው ላይ ያረፈው ርዝመቱ ነው። በግምት የርዝመቱን ስኩዌር ሩት በ4.5 ብታባዙ ጣሪያውን በኪሎ ሜትር በሰዓት ታገኛላችሁ፦ 9 ሜትሩ 13.5፣ 6 ሜትሩ 11 ገደማ። በሸራ የሚሄድ ጀልባም ከዚሁ ሕግ አያመልጥም። ትንሹ ከትልቁ የሚፈጥነው ቀሎ፣ ከውሃው ላይ ተነስቶ መንሸራተት ሲችል ነው። 8 ሰው ከነዕቃው ሲጫንበት ግን አፍንጫውን ወደ ላይ አንጋጦ ቤንዚን ይጠጣል እንጂ አይነሳም።

«ሞተሩ 40 ፈረስ ጉልበት ነው ተብሏል»

ወረቀቱ ላይ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ትጠጋለች፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 40 የተባለው እዚህ 33 ቢሆን አይግረማችሁ። ካርቡራቶሩ ለባሕር ዳርቻ እንደተስተካከለ ከቀረ ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን አስፈትታችሁ እዩት፤ ጥላሸት ለብሶ ጥቁር ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ካርቡራቶሩን ማስተካከልና ፕሮፔለሩን ጥምዙ ባነሰ መቀየር እንጂ ትልቅ ሞተር መግዛት አይደለም። ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ ሞተር ግን ከእኔ ይራቅ። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የፈሰሰው እዚያው ይቀራል።

«ትልቅ ስለሆነ ጣሪያውም ላይ ሰው ይወጣል»

አይወጣም። ጣሪያው የጥላ ነው። ክብደት ወደ ላይ ሲወጣ ጀልባው ለመገልበጥ ይቀርባል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ካለ ደግሞ ወደ አንድ ጎን እየፈሰሰ ያባብሰዋል። ላይፍ ጃኬቱንም በተሳፋሪ ልክ ቁጠሩ።

«የሸራ ጀልባ ከውጭ በርካሽ ላምጣ»

ዋጋው ያማልላል። ግን ከሥሩ የሚወርደው ከባድ ክንፍ ከ1.5 ሜትር በላይ ሲሆን ወደ ዳር አያስጠጋም፣ በሎቤድ ሲጫን ደግሞ ቁመቱ ችግር ነው። ከጅቡቲ ሐዋሳ ድረስ ማጓጓዣው ከጀልባው ዋጋ ቢበልጥ አልደነቅም።

«ሞክሬው ተስማምቶኛል»

መቼ? ጠዋት፣ ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቶ፣ እናንተና ሻጩ ብቻ ሆናችሁ ከሆነ ምንም አልሞከራችሁም። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ፣ ሊጭን የሚችለውን ያህል ሰው ወይም አሸዋ የሞላ ጆንያ ጭናችሁ፣ ወደ አሞራ ገደል (የዓሣ ገበያው ጋ) ሄዳችሁ ተመለሱ። ከሞተሩ ጎን የሚወረወረው የማቀዝቀዣ ውሃ ሳይቆራረጥ መውጣቱን እዩ፤ ዳር ላይ ያለው አረም መግቢያውን ይደፍነዋልና። ስትመለሱ ወለሉን ክፈቱና ስንት ውሃ እንደገባ እዩ። ሻጩ «ከሰዓት አይመቸኝም» ካለ፣ በማግስቱ ከሰዓት እንገናኝ በሉት፤ ቀብዱን እስከዚያው አትስጡ።