ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና፦ ስለ ጉበትና ስለ ስኳር የሚባለውና እውነታው

ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባሉ ካፌዎች የአልትራሳውንድ ውጤት ከማኪያቶ ጎን ተዘርግቶ ሲነበብ ማየት የተለመደ ነው። «ጉበት ላይ ስብ አለ» የሚለው መስመር ላይ ሲደረስ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ክብደቱ የበዛና ስኳር ያለበት ሰው ጨጓራን ስለሚያሳንሰው ቀዶ ሕክምና ከሚሰማው ውስጥ ግን ብዙው ስህተት ነው።

«ለመልክ የሚደረግ ነገር ነው።»
ይህ አባባል ታማሚውን ስለሚያሸማቅቅ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ከሰውነት ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲቀነስ ስቡ ጉበት ላይ የሚያስከትለው ብግነት (መቆጣት) ይሻሻላል፤ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ እዚያ ደርሶ መቆየት የቻለ ሰው እሰየው። ላልቻለው ግን ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ያስቀንሳል። በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ ብግነት የነበረባቸው ታካሚዎች ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉ ከ5 ዓመት በኋላ ከጉበታቸው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ በ84 በመቶው ላይ ብግነቱ ጠፍቶ ተገኝቷል። ብግነቱ ጉበት ላይ የተወው ጠባሳም በብዙዎቹ ቀንሷል።

«ስኳሩ የሚወርደው ከከሱ በኋላ ነው።»
ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ መውረድ ይጀምራል። የሚበላው በጣም ስለሚያንስ ጉበት ያጠራቀመውን ስብ ቶሎ ያራግፋል፤ ምግቡም ወደ ታችኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ፈጥኖ ስለሚደርስ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን ቆሽት የሚያነቃቁ ሆርሞኖች ይበዛሉ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በድሮው መጠን ኢንሱሊን መውጋቱን የቀጠለ ሰው ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት እያንዳንዱ የስኳር መድኃኒት በምን ያህል እንደሚቀነስ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ቤት ውስጥም ስኳርዎን በየቀኑ ይለኩ።

«አንዴ ከተሠራ ስኳር አይመለስም።»
በስዊድን በተደረገ የረጅም ጊዜ ክትትል፣ ቀዶ ሕክምናውን ካደረጉ የስኳር ታማሚዎች ውስጥ ከ2 ዓመት በኋላ ከስኳር ነፃ የነበሩት 72 በመቶ ሲሆኑ ከ10 ዓመት በኋላ 36 በመቶ ሆነዋል። ከበሽታው ጋር ብዙ ዓመት የቆዩና ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ተስፋቸው ያነሰ ነው፤ ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ደግሞ ኢንሱሊኑን ማቆም አይችልም። ቢመለስ እንኳ ስኳሩ በቁጥጥር ሥር የቆየባቸው ዓመታት ዓይንንና ኩላሊትን ከጉዳት ይጠብቃሉ፤ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

«የተጎዳ ጉበት ሁሉ ይድናል።»
አይደለም። ጉበቱ ደክሞ ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሰው ቀዶ ሕክምናው ራሱ ለሕይወት አስጊ ነው።

«ከዚያ በኋላ ኑሮው እንደ ድሮው ነው።»
ቫይታሚንና አይረን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። የሚጾም ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፦ ቫይታሚን ቢ12 በሽሮና በምስር አይገኝም፤ በትንሽ ጨጓራ በቂ ፕሮቲን ማግኘትም በጾም ወቅት ይከብዳል፤ ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። አልኮልም ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖና በዝቶ ስለሆነ፣ ቀድሞ ምንም የማያደርገው አንድ ብርሌ ጠጅ አሁን ያሰክረዋል። ጉበቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ግን ጨርሶ መጠጣት የለበትም።