በኢትዮጵያ ሰማይ የሚመሳሰሉ አዳኝ አእዋፍን መለየት

ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ከፍ ብሎ የሚያንዣብብ ሁሉ አሞራ ነው። ኢትዮጵያ ግን በአዳኝ አእዋፍ የታደለች አገር ናት። ከባሕር ወለል በታች ካለው ዳሎል እስከ ራስ ዳሽን ድረስ ለየከፍታው የራሱ ነዋሪ አለው። በዚያ ላይ አውሮፓና እስያ ሲበርዱ ብዙ እንግዳ ይመጣል። መለየቱ የሚከብደውም ያኔ ነው።

ቀለም ብቻውን አይታመንም። ትልልቆቹ ንስሮችና ጥንብ አንሳዎች የአዋቂ ላባ ለመልበስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እስከዚያ ብዙዎቹ ቡናማ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የጅራት ቅርጽ፣ ቀጥሎ መንቁር፣ ከዚያ የክንፍ ውስጠኛው ገጽ ይታያል።

በጣም የሚምታቱት የሩፔል ጥንብ አንሳና ነጭ ጀርባው ጥንብ አንሳ ናቸው። የመጀመሪያው የተሰየመው በጀርመናዊው አሳሽ በኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኢትዮጵያን ዞሯል። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም የገለጸው እሱ ነው። በስሙ የሚጠራው ወፍም ተራ ወፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1973 በኮትዲቯር ከተማ በአቢጃን ሰማይ፣ 11,300 ሜትር ገደማ ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው ይኸው ዝርያ ነው። ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ የለም።

አዋቂው ሩፔል መንቁሩ ወደ ቢጫ ያደላል። የጀርባና የደረት ላባው ጫፍ ጫፉ ነጣ ያለ ስለሆነ ከቅርብ ሲታይ ቅርፊት የለበሰ ይመስላል። ነጭ ጀርባው መንቁሩ ጥቁር ነው፤ ሊያርፍ ክንፉን ሲዘረጋ ከወገቡ በላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። ከሥር ሲታይ የነጭ ጀርባው የፊተኛው ክንፍ በሙሉ ነጭ ነው። የሩፔል ግን ጠቆር ብሎ ከፊቱ ጠርዝ አጠገብ ቀጭን ነጭ መስመር አለው። ጎጆም ይረዳል። ሩፔል ገደል ላይ፣ ነጭ ጀርባው ዛፍ ላይ ይሠራል።

ችግሩ ወጣቶቹ ናቸው። የሁለቱም መንቁር ጥቁር ነው፤ ነጩ ጀርባም ገና አልወጣም። የወደቀ ወፍ ከተገኘ የጅራት ላባ መቁጠር ያዋጣል። ነጭ ጀርባው 12፣ ሩፔል 14 አለው። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ያለው የሩፔል ንዑስ ዝርያ፣ ኤርላንገሪ የሚባለው፣ ከሌሎቹ ፈዘዝ ይላል። ስለዚህ አውሮፓና እስያ ሲበርዱ ከሚመጣው፣ የዩራሲያ ግሪፎን ከሚባለው ጥንብ አንሳ ጋርም ይምታታል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለጨዋታ አይደለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ብሎ መድቧቸዋል። አንዱን በሌላው ስም የመዘገበ ቆጠራ ደግሞ የትኛው እየመነመነ እንደሆነ አያሳይም። በብዛት የሚጨርሳቸው መርዝ ነው። ለጅብና ለውሻ ተብሎ በበድን ላይ የሚደረገው ጭምር ይገድላቸዋል።

ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ባለ ቆቡ ነው። መንቁሩ ቀጭን ነው። ፊቱ ሲቆጣ ወይም ሲሻማ ከሮዝ ወደ ደማቅ ቀይ ይለወጣል። አዋቂውን የግብፅ ጥንብ አንሳ ከእሱ ጋር ማምታታት አይቻልም፤ ነጭ ነው፣ ፊቱ ቢጫ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር። የግብፁ ወጣት ግን ልክ እንደ ባለ ቆቡ ጥቁር ቡናማ ነው። ጅራት ይፈርዳል። የግብፁ እንደ ሽብልቅ መሐሉ ሾል ይላል፤ የባለ ቆቡ አጭርና ጫፉ ደፍጠጥ ያለ ነው። ከባልካንና ከቱርክ የሚነሱ የግብፅ ጥንብ አንሳዎች የአገራቸውን የብርድ ወራት አፋር ያሳልፋሉ።

ጺማሙ አጥንት ሰባሪ የሰሜንና የባሌ ተራሮች ኩራት ነው። ረጅም የአልማዝ ቅርጽ ያለው ጅራቱ ከሩቅ ይለየዋል። አጥንት ከፍ አድርጎ ዓለት ላይ ሲለቅ የታየ እንደሆነ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

ከንስሮች የሚያደናግሩት ነዋሪው ቡናማ ንስርና ከእስያ የሚመጣው የስቴፕ ንስር ናቸው። ድሮ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር። ቁልፉ የአፍ ጥግ ነው። በስቴፕ ንስር ቢጫው የአፍ ጠርዝ እስከ ዓይኑ መጨረሻ ይዘልቃል። በቡናማው ንስር ከዓይን መሐል አያልፍም። ይህ የሩቅ ማያ መነጽር ወይም ጥሩ ፎቶ ይጠይቃል።

ሥጋ ከእጅ የሚመነትፈው ጭልፊት ጅራቱ መሐሉ ገባ ያለ ነው። ነዋሪው ሲያድግ መንቁሩ ቢጫ ነው፤ ከዩራሲያ የሚመጣው ዘመዱ ጥቁር። ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ወይስ አንድ በሚለው ላይ ምሁራን አልተስማሙም። የነዋሪው ወጣትም መንቁሩ ጥቁር ስለሆነ፣ ጥቁር መንቁር ያየ ሁሉ እንግዳ አየሁ ማለት የለበትም።