የፈጣን ኒውትሮን ኢላስቲክ ግጭት እንዴት ይለካል?

ጅማ ሂርማታ ብይ ሲጫወት ያደገ ልጅ የዚህን ፊዚክስ ግማሹን ያውቀዋል። ብዩ እኩያዋን ፊት ለፊት ስትመታ ራሷ ቀጥ ትላለች፣ የተመታችው ትሮጣለች፤ ድንጋይ ስትመታ ግን ነጥራ ትመለሳለች። ኒውትሮንም ከአቶም አስኳል ጋር ሲጋጭ እንዲሁ ነው። አስኳሉን ሳይሰብርና ውስጡን ሳይረብሽ ከነጠረ፣ የሁለቱ የእንቅስቃሴ ጉልበት ድምርም እንደነበረ ከቆየ፣ ግጭቱ ኢላስቲክ ይባላል። አስኳሉ ከጉልበቱ ቆርሶ ወስዶ በጋማ ጨረር ከተፋው ግን ሌላ ዓይነት ግጭት ነው።

ሃይድሮጅን የኒውትሮን እኩያ ስለሆነ በአንድ ምት ጉልበቱን ሁሉ ሊወስድበት ይችላል። ካርቦን ቢበዛ ከመቶ 28 ያህሉን ይወስዳል፤ ዩራኒየም 238 ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላለትም። ጄምስ ቻድዊክም እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውትሮንን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ቻርጅ የሌለው ቅንጣት ራሱ አይታይምና፣ ከፓራፊን ሰም ያስፈነጠራቸውን ፕሮቶኖች ተከታትሎ ደረሰበት።

በላቦራቶሪ የሚፈለገው ቁጥር፣ ኒውትሮኑ በየትኛው ማዕዘን ምን ያህል የመበተን ዕድል እንዳለው ነው። ዕድሉ የሚገለጸው በስፋት ሲሆን መለኪያው ባርን ይባላል፤ አንድ ባርን 10⁻²⁴ ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የእህልና የከብት ማኖሪያ ቤት ማለት ነው። ለኒውትሮን የዩራኒየም አስኳል እንደ ጎተራ የማይሳት ዒላማ ነው ብለው የቀለዱ ሳይንቲስቶች ያወጡት ስም እንደወጣ ቀረ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አክስለሬተር የሚባለው ቅንጣት አፍጣኝ መሣሪያ የፕሮቶን ወይም የዲዩትሮን (አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የተጣመሩበት አስኳል) ጨረር እየቆራረጠ በአጫጭር ምት ይተኩሳል። ዲዩትሮን ትሪቲየም በተባለው ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት ላይ ሲያርፍ 14 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ያለው ኒውትሮን ይወጣል፤ ፕሮቶን ሊቲየም ላይ ሲያርፍ ዝቅ ያለ ጉልበት ያለው ይገኛል። ኒውትሮኖቹ ናሙናውን መትተው ሲበተኑ፣ ዙሪያውን በተለያየ ማዕዘን የተደረደሩ ዲቴክተሮች መድረሻ ሰዓታቸውን ይመዘግባሉ።

ነገሩ ሁሉ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ናሙናው ብረት፣ የኒውትሮኑ ጉልበት 3 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ዲቴክተሩም 3 ሜትር ርቆ ተቀምጧል እንበል። መጀመሪያ የሚደርሰው ጋማ ነው፤ በብርሃን ፍጥነት በ10 ናኖሰከንድ (ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው)። በኢላስቲክ ግጭት ወደፊት የተበተነው ኒውትሮን በ125 ናኖሰከንድ ገደማ ይከተላል። የብረት 56ን አስኳል ቀስቅሶ 0.847 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያጣው ደግሞ በ148 አካባቢ ይደርሳል። ሁለቱን የሚለየው የ23 ናኖሰከንድ ልዩነት ብቻ ነው። ካርቦን ለለኪው ይመቻል፤ አስኳሉን ለመቀስቀስ ቢያንስ 4.44 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚጠይቅ ከዚያ በታች ኢላስቲኩን የሚያደናግር አጎራባች የለውም።

እንደኔ ግን ትልቁ ድካም የሚጀምረው ከተለካ በኋላ ነው። ከግድግዳና ከወለል ነጥረው የሚገቡ ኒውትሮኖች አሉ፤ ስለዚህ ናሙናው ተነሥቶ እንደገና ይለካና ይቀነሳል። ናሙናው ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተጋጩትም በኮምፒውተር ስሌት ይታረማሉ። ሚዛን ሆኖ የሚያገለግለው ደግሞ በደንብ የታወቀው የሃይድሮጅን ግጭት ነው፤ ጀሪካን ከሚሠራበት ከፖሊኢትሊን የተቆረጠ ቁራጭ በናሙናው ቦታ ገብቶ ይለካል።

ውጤቱ በማዕዘን ሲሣል ሸንተረርና ሸለቆ ያወጣል፤ ብርሃን በትንሽ ክብ መሰናክል ዙሪያ ሲያልፍ እንደሚሠራው ቀለበት። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፌሽባክ፣ ፖርተርና ቫይስኮፕፍ እ.ኤ.አ. በ1954 አስኳልን እንደ ጭጋጋማ የመስታወት ኳስ የሚቆጥር ስሌት አውጥተው ይህን መልክ አብራሩት። የተለኩት ቁጥሮች ኤክስፎር በሚባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት በነፃ ስለሚገኙ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ የፊዚክስ ተማሪም አውርዶ ከራሱ ስሌት ጋር ሊያስተያያቸው ይችላል።

ይኸው ግጭት ለገበሬም ይሠራል። የኒውትሮን ምንጭና ቆጣሪ ያለው ዘንግ በቡና ማሳ በተቀበረ ቱቦ ቢወርድ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ፈጣኖቹን ያዘገያቸዋል። በክረምት አፈሩ ሲርስ ወደ ቆጣሪው የሚመለሱት ዘገምተኛ ኒውትሮኖች ይበዛሉ፤ በጥር ሲደርቅ ያንሳሉ። ከጥላ ዛፍ የሚረግፈው ቅጠል ብስባሽም ሃይድሮጅን አለውና፣ መሣሪያው ቁጥሩ እንዲታመን በየማሳው አፈር ተመዝኖና ደርቆ መስተካከል አለበት።