ድንጋዩ ከመነሳቱ በፊት፦ የፈረሱ ጥንታዊ ሕንፃዎች በዲጂታል ቅየሳ እንዴት ይጠገናሉ?

የፈረሰ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከባዱ ሥራ ድንጋይ ማንሳት አይደለም። የትኛው ድንጋይ የት እንደነበረ ማወቅ ነው። አንዱ ብቻውን ቶኖች ሊመዝን ይችላል፤ በክሬን እያነሱ «እስቲ እዚህ ይገጥም ይሆን?» ማለት ገንዘብ ይጨርሳል፣ ድንጋዩንም ይጎዳል። ስለዚህ ሙከራው ኮምፒውተር ላይ ይደረጋል።

መጀመሪያ ልኬት ነው። ሌዘር ስካነሩ ጨረር ይልካል፣ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ አይቶ ርቀቱን ያወጣል፤ ይህን በሰከንድ ሺህ ጊዜዎች እየደጋገመ ሕንፃውን ወደ ሚሊዮኖች ነጥቦች ይለውጠዋል። ሌላው መንገድ ፎቶግራሜትሪ ነው። በካሜራ ወይም በድሮን የተነሱ፣ ጠርዛቸው የተደራረበ ብዙ ፎቶዎች ይሰበሰቡና ሶፍትዌሩ ከጋራ ነጥቦቻቸው ቅርጹን ያሰላል። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው፦ ጀርመናዊው አልብሬክት ማይደንባወር እ.ኤ.አ. በ1858 የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ፣ ከዚያ ወዲህ ሕንፃን ከፎቶ ለመለካት ተነሳ።

ቀጥሎ ማገጣጠም ይመጣል። እዚህ ላይ ትንንሽ ምልክቶች ትልቅ ዋጋ አላቸው፦ ድንጋዮቹን አያይዞ ይዞ የነበረው ብረት የገባበት ጉድጓድ፣ የስብራቱ መስመር፣ የመጥረቢያው አሻራ። በአቴንሱ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በፓርተኖን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መሐንዲሱ ኒኮላኦስ ባላኖስ ብዙ ድንጋዮችን ያለ ቦታቸው አስቀመጠ፣ ያሰረባቸውም ብረት ዝጎ ሲያብጥ እብነ በረዱን ሰነጠቀው። ኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን ፈትተው በትክክለኛው ቦታ እየመለሱ ነው፤ አሁን የሚያስሩበት ታይታኒየም ነው፣ አይዝግም።

ስክሪን ብቻ የማይበቃበት ጊዜም አለ። ቦሊቪያ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፑማፑንኩ ለዘመናት ተዘርፎ ድንጋዩ ተበታትኗል። አርኪዮሎጂስቱ አሌክሴይ ቭራኒች፣ ተመራማሪዎች በ150 ዓመት ውስጥ የመዘገቡትን ልኬት ወደ ሞዴል ቀየረና ስብርባሪዎቹን በ4 በመቶ መጠን በስሪዲ ፕሪንተር አተማቸው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ከዚያ በእጅ እያገላበጡ ማገጣጠም ሆነ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ አንድም እውነተኛ ድንጋይ ሳይነቃነቅ ሕንፃው ምን ይመስል እንደነበር መታየት ጀመረ።

አደጋው ግን ሞዴሉ ማማሩ ነው። ያማረ ምስል ያየ ሰው ግምቱንም እውነት አድርጎ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የቅርስ ጥገና መመሪያ፣ በፍርስራሽ ላይ የሚፈቅደው የተገኙትን ክፍሎች መልሶ መግጠምን ብቻ ነው፤ ማያያዣ ሆኖ የሚጨመረው አዲስ ነገርም ተለይቶ መታወቅ አለበት ይላል። በሞዴልም ያው መሆን አለበት፣ የተለካው በአንድ ቀለም፣ የተገመተው በሌላ። ይህን የማያደርግ ሞዴል ለጥገና መመሪያ መሆን የለበትም።

ጥገናው ሲያልቅም ቅየሳው አይቆምም። ሕንፃው በየጊዜው እንደገና ይቃኛል፣ አዲሱ ልኬት ከድሮው ጋር ይነፃፀራል፤ ግድግዳው ሚሊሜትሮች ቢያዘነብል ስንጥቁ በዓይን ከመታየቱ በፊት ይታወቃል።