ጅብራ ምንድን ነው? ከደን ዘመዱስ በምን ይለያል?

ጅብራ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በጮቄና በባሌ ከፍታዎች ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ አናቱን ቅጠል የከበበው ግዙፍ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይባላል፤ በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ ውጪ አይበቅልም። ይሁን እንጂ ሎቤሊያ ጊቤሮአ የተባለ ዘመድ አለው፤ እሱንም ጅብራ የሚሉት ብዙ ናቸው። ጊቤሮአ ግን ከእኛ አገር ተነስቶ እስከ ማላዊ ድረስ ይገኛል። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ከተቆጠሩ፣ በጥቂት ተራሮች ላይ ብቻ የቀረው ጅብራ በየደኑ የሞላ ይመስላል። ስለዚህ መለየቱ ለጥበቃ ሥራ መሠረት ነው።

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁመቱንና የአበባ ዘንጉን ነው፤ በእነዚህ ግን ዝርያዎቹ አይለዩም። የሁለቱም ዘንግ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ የሁለቱም ተክል ከሰው ቁመት በብዙ ያልፋል።

የሚለየው ከታች ነው። የጅብራ ግንድ አንድ ወጥ ነው፤ የረገፉ ቅጠሎች ጠባሳ ተደርድሮበት ይታያል። አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይደርቃል። የደረቁ ግንዶችን አይቶ «በሽታ ገብቶበታል» ብሎ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው። ጊቤሮአም ያበበው ግንዱ ይሞታል፤ ነገር ግን ከሥሩ አካባቢ ሌሎች ግንዶች ያወጣልና ተክሉ ይቀጥላል። ሣሩን በእጅ ገለጥ አድርጎ ሥሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ተጠጋግተው የበቀሉ ሁለት ጅብራዎች ከሩቅ ከአንድ ሥር የወጡ ይመስላሉና።

ቀጥሎ ቅጠሉን ገልብጡ። የጅብራ ቅጠል ወፍራም፣ ቆዳ መሰልና የሚያብረቀርቅ ነው። የጊቤሮአ ሰፊና ሳሳ ያለ ነው፤ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፣ በጀርባው ስስ ፀጉር ይዳሰሳል። ገና ግንድ ያላወጣ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ችግኝ ሲገጥም ያለው አስተማማኝ ምልክት ይኸው ቅጠል ነው። ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹ መርዛማ ስለሆነ ዓይን መንካት አይገባም። ደግሞም ሳይቆረጥ መገልበጥ ይቻላል።

ከፍታው ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይፈርድም። ጅብራ ባብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በአስታው ቁጥቋጦና ከዚያም በላይ ባለው ውርጭ ገላጣ ሜዳ ላይ ይቆማል። ጊቤሮአ ከዚያ በታች የደን ዳርና የወንዝ ዳር ይወዳል። በባሌ ተራሮች ከሳነቲ አምባ ወደ ሐረና ደን የሚወርድ ሰው በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ያገኛል፤ የሚያሳስተውም በ3,000 ሜትር አካባቢ ደኑና አስታው የሚገናኙበት ቦታ ነው። እዚያ ሥሩንና የቅጠሉን ጀርባ ሳያዩ ስም መስጠት አይገባም።

አበባውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ማለት ይበጃል። በሎቤሊያዎች ዘንድ የወንዴ ክፍሎቹ ተጣብቀው ቱቦ ይሠራሉ። የሴቴው ክፍል በቱቦው ውስጥ ሲያድግ የአበባውን ብናኝ እየገፋ ያወጣዋል፤ ራሱ ብቅ ብሎ ጫፉን ለሁለት የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በአንዱ ዘንግ ላይ ብናኝ የያዙና ጫፋቸው የተከፈለ አበቦች አብረው ይታያሉ። ይህ የዕድሜ ልዩነት እንጂ የዝርያ ልዩነት አይደለም። ዘንጉ ከታች ወደ ላይ ስለሚያብብ፣ ሁለት ተክሎች ሲነጻጸሩ ከሁለቱም እኩል የደረሰ አበባ መምረጥ ያስፈልጋል።

ለማስረጃ አምስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው ተክል ከነአካባቢው፣ ሥሩ፣ የቅጠሉ ጀርባ ከማስመሪያ ጋር፣ አንድ አበባ በጎኑ ከሥሩ ካለው ትንሽ ቅጠል ጋር፣ እና ከፍታውን የሚያሳይ የስልክ ገጽ። የስልክ ከፍታ በአሥርዎች ሜትር ሊሳሳት ይችላል። የዘንጉ ጫፍ ብቻ የሚታይበት ፎቶ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አያገለግልም።

በደቡብ ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ከሆናችሁ ሦስተኛ ዘመድ አለ፦ ሎቤሊያ አክሮኪላ፤ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። እዚያ ከላይ ያሉት ምልክቶች ብቻ አይበቁም። ፎቶዎቹን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማከማቻ) ናሙናዎች ጋር ማመሳከር ይገባል፤ እስከዚያ በመዝገቡ ላይ «ሎቤሊያ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ትክክለኛ መልስ ነው።