ኤል ሚራዶር፦ በፔቴን ጫካ ውስጥ በእግር የሚደረስበት የማያ ከተማ

ኤል ሚራዶር በሰሜን ጓቲማላ፣ በፔቴን ግዛት ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ የማያ ከተማ ፍርስራሽ ነው። ማያዎች የጓቲማላና የደቡብ ሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ናቸው። ከሜክሲኮ ድንበር የሚርቀው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የመኪና መንገድ አይገባበትም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወይ ሄሊኮፕተር ይከራያል፣ ወይ ከካርሜሊታ መንደር ተነስቶ በእግሩ ይገባል። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው እግሩን ነው። ጓደኛሞች ተሰባስበው፣ ቦርሳቸውን አዝለው፣ ስንቃቸውን በበቅሎ አስጭነው ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን ጫካ ይገባሉ።

ስለዚህ ቦታ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ስለ ማያ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ቲካልና ቺቼን ኢትዛ የሚባሉት ታዋቂ የማያ ከተሞች ላይ ያልቃል። ኤል ሚራዶር ግን ከሁለቱም የቀደመ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሰባሰበውም ለዚሁ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከተማዋ

አካባቢው የሚራዶር ተፋሰስ ይባላል። ከስሩ በኖራ ድንጋይ የተሞላ ዝቅተኛ ምድር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ይጠፋል። በዚህ የተነሳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። በክረምት ረግረግ የሚሆኑ፣ በበጋ የሚደርቁ ሰፋፊ ሜዳዎች ግን አሉ። እንግዲህ ወንዝ በሌለበት አገር ነው ያን ሁሉ የገነቡት።

በተፋሰሱ ቀድማ የገነነችው ከኤል ሚራዶር በስተደቡብ ምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ናክቤ ናት። ኤል ሚራዶር ራሷ በጣም የደመቀችው ከ300 ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 100 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ይህ ዘመን በተመራማሪዎች ዘንድ ቅድመ ክላሲክ ይባላል። ለረጅም ጊዜ የዚያ ዘመን ማያዎች በየመንደሩ የተበተኑ ተራ ገበሬዎች ነበሩ ተብሎ ነበር የሚታመነው። ትልቁ ሥልጣኔ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው ይባል ነበር። የናክቤና የኤል ሚራዶር ቁፋሮ ይህን አስተሳሰብ ገለበጠው።

ከሕንፃዎቹ ሁሉ የሚልቀው ላ ዳንታ ነው። ቁመቱ 72 ሜትር ያህል ነው። ሕንፃው በአንድ ጊዜ ሽቅብ የወጣ ፒራሚድ አይደለም። መጀመሪያ እጅግ ሰፊ መደብ ተሠራ፣ በሱ ላይ ሌላ መደብ፣ ከዚያም በላይ ቤተ መቅደሶቹ። ጫፉ ላይ አንድ ትልቅና ግራ ቀኙን ሁለት ትንንሽ ሕንፃዎች ተቀምጠዋል። ይህ የሦስትዮሽ አሠራር የከተማዋ መለያ ነው። የላ ዳንታ ጠቅላላ ይዘት 2.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይገመታል። በዚህ ሂሳብ ከግብፁ የኩፉ ፒራሚድ ይበልጣል። እርግጥ ከስር ያሉት መደቦች ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚለው ያከራክራል። ያም ሆኖ ላዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ላየ ሰው ክርክሩ ብዙም አያሳስበውም። በስተምዕራብ ደግሞ 55 ሜትር የሚሆነው ኤል ቲግሬ አለ።

ከተሞቹን የሚያገናኙ ከፍ ተደርገው የተሠሩ ነጫጭ መንገዶችም ነበሩ። አንዳንዶቹ እስከ 40 ሜትር ይሰፋሉ። ድንጋይ ተነጥፎ፣ ተደልድሎ፣ በኖራ ተለስኗል። ዛሬ ተጓዡ የሚረግጠው መንገድ ከፊሉ የእነዚህ ጎዳናዎች ጀርባ ነው። መሪ ካላሳየው ግን ተራ ከፍታ እንጂ የሰው እጅ ሥራ አይመስለውም።

ገበሬዎቹ ከረግረጉ ጥቁር ጭቃ እየተሸከሙ ማሳቸውን ያዳብሩ ነበር። ችግሩ የመጣው ከኖራው ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ኖራ ለማቃጠል ብዙ እንጨት ያስፈልጋል። ልስኑ እየወፈረ፣ ጌጡ እየበዛ ሲሄድ ደኑ ተመነጠረ። አፈሩ ታጥቦ ረግረጉን ሞላው፣ ለም የነበረው ጭቃ በሸክላ አፈር ተቀበረ። ይህ በቦታው ለረጅም ዓመታት የቆፈረው የሪቻርድ ሃንሰን ማብራሪያ ነው። ድርቅንና ጦርነትን የሚያስቀድሙም አሉ። የሆነው ሆኖ 150 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋ ባዶ ቀረች።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ጥቂት ሰዎች በፍርስራሹ መሀል ተመልሰው ሰፍረው ነበር፣ እነሱም ሄዱ። በ1697 ስፔኖች ዛሬ ፍሎሬስ በምትባለው ደሴት የነበረውን የመጨረሻውን ነፃ የማያ መንግሥት ያዙ። ያን ጊዜ ኤል ሚራዶርን የጎበኘ ወራሪ የለም።

ማያዎች ግን አልጠፉም። በ2018 በተደረገው ቆጠራ በጓቲማላ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ራሱን ማያ ብሏል። የጥንቱ የዘመን አቆጣጠርም በደጋው አገር ዛሬ ድረስ ቀን ይቆጠርበታል። ለእኛ የሚገርመን አንድ ነገር አለ። የማያ የፀሐይ ዓመት 20 ቀን ያላቸው 18 ወሮችና በመጨረሻ 5 ትርፍ ቀናት አሉት። እንደኛዋ ጳጉሜን ማለት ነው። እነሱ ግን አምስቱን ቀን እንደ ክፉ ቀን ይፈሩት ነበር።

ማስቲካ ቆራጮቹ

የኤል ሚራዶርን ታሪክ ያለ ማስቲካ መናገር አይቻልም። በፔቴን ጫካ ሳፖዲላ የሚባል ረጅም ዛፍ አለ። ፍሬው ይበላል፣ ነጭ ወተቱ ደግሞ ቺክሌ ይባላል። ሰው ሠራሽ ሙጫ ከመምጣቱ በፊት አሜሪካ ውስጥ የሚታኘከው ማስቲካ የሚሠራው ከዚህ ወተት ነበር። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ቺክሌሮ የሚባሉ ቆራጮች ጫካውን ለዚሁ ሲሉ ያስሱት ጀመር።

ሥራው የሚሠራው በዝናብ ወቅት ነው፣ ወተቱ ያን ጊዜ ነውና የሚወርደው። ቺክሌሮው በእግሩ ላይ ሹል ብረት ያስራል። ገመድ በወገቡና በግንዱ ዙሪያ ያዞራል። እየወጣ በቆንጨራ ቅርፊቱን እየተጠማዘዘ ይሰነጥቀዋል። ወተቱ በስንጥቁ ተከትሎ ወደ ታች ይንቆረቆራል፣ ከግንዱ ስር በታሰረ ከረጢት ይጠራቀማል። ከዚያ በትልቅ ብረት ድስት ይፈላል። እየተማሰለ ይወፍራል፣ በመጨረሻም እንደ ጡብ ይጋገራል። ገመዱ በስህተት በቆንጨራ ከተመታ ሰውየው አለቀለት። አንድ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ለዓመታት ይታረፋል። ዛሬም በጉዞው መንገድ ላይ ቁስሉ የደረቀ፣ የተጠማዘዘ ጠባሳ ያለበት ግንድ በየቦታው ይታያል።

ይኸው ዛፍ እንጨቱ እንደ ብረት ነው። የቲካል ቤተ መቅደሶች የበር ጉበኖች የተጠረቡት ከሱ ነው። ከ1,200 ዓመት በላይ አልበሰበሱም። በጣም ያማሩት ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ቺክሌሮዎቹ ዛፍ ሲፈልጉ ፍርስራሽ ያገኙ ነበር። አሜሪካዊው አርኪኦሎጂስት ሲልቫነስ ሞርሊ ጽሑፍ ያለበት ፍርስራሽ ላሳየኝ 25 ዶላር ወርቅ እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ መለጠፉ የታወቀ ነው። በ1916 ዋሻክቱን ወደሚባለው የማያ ፍርስራሽ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ኤል ሚራዶርም በ1926 ሪፖርት ተደረገ፣ በ1930 ከአውሮፕላን ፎቶ ተነሳ። መጻሕፍት አገኙት የሚሉት የውጭ አገር ሰዎችን ነው። መንገዱን የሚያውቁት፣ ቀድመው የረገጡትና የመሩት ግን ቺክሌሮዎቹ መሆናቸው መረሳት የለበትም።

የመጀመሪያውን ካርታ እንግሊዛዊው ኢያን ግርሃም በ1962 ሠራ። ትላልቅ ቁፋሮዎች የተጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2009 ከድሮ የውሃ ማጠራቀሚያ ጎን በልስን የተሠራ ትልቅ የግድግዳ ቅርጽ ወጣ። ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ሰዎችን ያሳያል። ቆፋሪዎቹ ፖፖል ቩህ በሚባለው የማያ መጽሐፍ የተነገረላቸው መንትዮች ናቸው ይላሉ፤ በዚህ ሁሉም አይስማማም። በ2022 የታተመ ጥናት ደግሞ ከአውሮፕላን በሌዘር በሚለካው ላይዳር ተጠቅሞ በተፋሰሱና በዙሪያው ከ900 በላይ ጥንታዊ ሰፈሮችንና 177 ኪሎ ሜትር ከፍ ያሉ መንገዶችን ቆጥሯል። ስንት ሰው ይኖር ነበር የሚለው ግምት እጅግ ይለያያል።

ካርሜሊታና ደኑ

ካርሜሊታ የተቆረቆረችው እንደ ቺክሌ ሰፈር ነው። በ1990 የማያ ባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሲከለል ነዋሪዎቹ ከደኑ ሊነቀሉ ነው የሚል ስጋት ነበራቸው። ተደራጅተው ተከራከሩ። በ1997 መንግሥት በመንደሩ ዙሪያ ያለውን ደን በውል አስረከባቸው። ከዚያ ወዲህ ኅብረት ሥራ ማኅበራቸው እንጨት በልክ ይቆርጣል፣ ሻቴ የሚባለውን ለአበባ ማስጌጫ የሚላክ ቅጠል ይለቅማል፣ ቺክሌ ያወጣል፣ ተጓዦችንም ይመራል።

ውጤቱ በሳተላይት ይታያል። በወረቀት ላይ ፍጹም የተከለሉት የምዕራብ ፓርኮች በከብት አርቢዎችና በሕገወጥ ሰፋሪዎች ሲመነጠሩ፣ ለረጅም ጊዜ የኖሩት ማኅበረሰቦች የያዙት ደን በአብዛኛው ቆሟል። እሳት ሲነሳ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ፍርስራሹን የሚቦረቡሩ ሌቦችን የሚያባርሩትም እንዲሁ።

ተፋሰሱን ሰፊ የቱሪዝም ፓርክ የማድረግ ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። ትንሽ ባቡር ይግባበት የሚል እቅድም ቀርቦ ነበር። ደጋፊዎቹ ገንዘብ ያመጣል፣ ቅርሱንም ይጠብቃል ይላሉ። ማኅበረሰቦቹ አጥብቀው ተቃውመውታል፣ ባላቸውም ምክንያት ልክ ናቸው። ደኑ ዛሬ ድረስ የቆየው በነሱ ነው። የጉዞው ገንዘብም ለመሪው፣ ለምግብ አብሳዩና ለበቅሎ ነጂው ቤት መግባት አለበት።

ጉዞው

መነሻው ፍሎሬስ ነው። ከጓቲማላ ሲቲ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ ሌሊቱን ያስነዳል። ከፍሎሬስ ካርሜሊታ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን በጥርጊያ መንገድ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ከካርሜሊታ ኤል ሚራዶር በእግር ከ40 ኪሎ ሜትር አያንስም። በመጀመሪያው ቀን ኤል ቲንታል ይታደራል፤ እሱም ራሱ ትልቅ ከተማ የነበረና በቦይ የተከበበ ነው። በማግስቱ ኤል ሚራዶር ይገባል። እዚያ አንድ ሙሉ ቀን ፍርስራሹን መዞር ያስፈልጋል። ስድስት ቀን ያለው ሰው ሲመለስ በናክቤ በኩል ይዞራል። ጉልበት ካለ ስድስቱ ይመረጣል።

ምርጡ ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ሙቀቱ ከባድ ቢሆንም መሬቱ ደረቅ ነው። በዝናብ ወራት ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ በቅሎዎቹም ይሰምጣሉ። በዚያ ጭቃ ከጓደኛ ጋር መጣላት ቀላል ነው። ስለዚህ ቡድኑ ከመነሳቱ በፊት በፍጥነት ጉዳይ ቢስማማ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው ሰው የሚራመደው ነው የሁሉም ፍጥነት።

መሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ከሚያሳዩት ነገር አንዱ ቼቼን የሚባለው ዛፍ ነው። ከቅርፊቱ ጥቁር ፈሳሽ ይወጣል፤ ቆዳ ከነካ ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል። ግንድ ሳያዩ መደገፍ አይገባም። ብዙ ጊዜ በአቅራቢያው ቀይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ቻካ የሚባል ዛፍ አለ። መድኃኒቱ እሱ ነው ይላሉ። ሌላው ጭንቀት መዥገር ነው። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ማታ ማታም እርስ በርስ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሌሊት ላይ ጩኸታም ጦጣዎች ሲጮሁ አንበሳ ሰፈሩን የከበበ ይመስላል፣ ግን አይነኩም። ጃጓር አለ፣ የሚያየው ጥቂት ነው፤ ዱካው ግን ጭቃ ላይ ይገኛል።

ምግቡ ቶርቲያ የሚባለው የበቆሎ ቂጣ፣ ቦሎቄና እንቁላል ነው፣ ከጎኑም ቃሪያ። በቆሎም በርበሬም ለዓለም የተረፉት ከዚሁ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ምድር ነው። ዛሬ በቆሎ በኢትዮጵያ በምርት ብዛት ከእህሎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። በርበሬማ ምን ይባላል። ከእሳቱ ዳር ቶርቲያ በቃሪያ እየበሉ ይህን ማሰብ ደስ ይላል።

ወደ ላ ዳንታ ጫፍ የሚወጣው በእንጨት ደረጃ ነው። ሰው የሚወጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከላይ እስከ አድማስ አረንጓዴ ብቻ ይታያል። በመሀል የሚታዩት ጉብታዎች ኮረብታ ይመስላሉ፤ አብዛኞቹ ገና ያልተቆፈሩ ሕንፃዎች ናቸው። ለመውረድ የግንባር ባትሪ ያስፈልጋል፣ ጫካው በአንድ ጊዜ ይጨልማል።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ጓቲማላ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ቪዛ ይጠየቃል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን መያዝ አለበት፣ ድንበር ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ጉዞውን በቀጥታ ከካርሜሊታ ኅብረት ሥራ ማኅበር መያዝ ይቻላል፤ መሪ፣ ምግብ፣ ድንኳንና በቅሎ አብሮ ይመጣል። ካርሜሊታ ኤቲኤም የላትም፣ ስለዚህ የአገሩን ገንዘብ ኬትሳሉን ፍሎሬስ ላይ በጥሬው መያዝ ያስፈልጋል፤ ለመሪውና ለበቅሎ ነጂው የሚሰጠውን ጉርሻ ጨምሮ።